ቢራ ጠጠር ያወጣል ወይ ብሎ የተጀመረው ክር

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረውን ውይይት፣ ያገኘሁት ሌሊት ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልክ መነካካት ልማዴ ነው። ርዕሱ ቢራ የኩላሊት ጠጠር ያወጣል ወይ የሚል ነበር። እኔንም ከዓመታት በፊት ይኸው ጠጠር መሬት ላይ አንከባሎኛል፤ ስለዚህ ማለፍ አልቻልኩም። 41 ምላሽ አለው። አንብቤ ስጨርስ ወፍ ተንጫጭቷል።

ከፋቹ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 34። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግራ ጎኑን ሰንጎ ያዘው። ቢቀመጥ፣ ቢተኛ፣ ቢንበረከክ አልሆነለትም። ውጋቱ ከወገቡ ተነስቶ ወደ ቆለጡ ወረደ፤ ከዚያ ማስመለስ ተከተለ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ወጉትና ተነፈሰ። በአልትራሳውንድ አዩትና ኩላሊትህ ላይ አሸዋ አለ አሉት። በሳምንቱ ሲደግመው ሌላ ቦታ ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሳ። የተገኘው አሸዋ አይደለም። 8 ሚሊ ሜትር ጠጠር ነው፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭን ቱቦ ታችኛው ጫፍ ላይ ተሰንቅሯል። ሽንት ስለታቆረበት ከላይ ያለው ኩላሊትም ትንሽ አብጧል። ሐኪሙ የአራት ሳምንት መድኃኒት ሰጠው። ካልወጣ ግን በካሜራ ገብተን በሌዘር እንሰብረዋለን አለው።

ልጁ ሕመሙ ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖታል። ጓደኞቹ ቢራ ጠጣበት ይሉታል። ሐኪሞች ገንዘብ ስለሚወዱ ነው የሚል ጥርጣሬም ጣል አድርጓል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ቢራው ይበቃኛል ወይ?

1ኛውና 2ኛዋ እግዜር ይማርህ ብለው አለፉ። 2ኛዋ የገብስ ውሃም አዘዘችለት። 3ኛው ግን የክሩ ጀግና ሆነ። አጎቱን ይዞ ነው የመጣው። አጎትየው ግሮሰሪ ቁጭ ብሎ ስድስት ጠርሙስ ይገለብጣል፤ ከዚያ ሽንት ቤት ሲገባ ጠጠሩ ሳህኑን ሲመታ በጆሮው ይሰማል። ይህ ታሪክ ከሁሉም በላይ ላይክ ሰብስቧል። 4ኛው ድራፍት ይሻላል አለ። 5ኛው የትኛው ቢራ እንደሆነ በቁም ነገር ጠየቀ። እዚህ ላይ ክሩ በቀልድ ሊያልቅ ነው ብዬ ነበር።

6ኛዋ አዳነችው። የሽንትና የኩላሊት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት። ልጁን ወንድሜ እያለች በትህትና ጀመረች። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። ከ10 በላይ ከሆነ ራሱ መውጣቱ ብርቅ ነው። የልጁ 8 መሃል ላይ ስለሆነ ሐኪሙ ሞክሮ መጠበቁ ልክ ነው አለች። የ3ኛው አጎት ጠጠር ትንሽ ሳይሆን አይቀርም፤ በውሃም ይወጣ ነበር። ቢራ ሽንት ያበዛል፣ እውነት ነው። ግን የተሰነቀረ ጠጠርን ከላይ የሚወርድ ሽንት ገፍቶ አያወጣውም። የተዘጋውን ኩላሊት የባሰ ይወጥረዋል እንጂ።

ስለ አሸዋውም አስረዳች። አልትራሳውንድ ኩላሊት ውስጥ የተቀመጠን ጠጠር ደህና አድርጎ ያያል። ቱቦው መሃል ሲደርስ ግን የአንጀት አየር ይጋርደዋል። ለነፍሰ ጡር ጨረር ስለሌለው የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ለሌላው ሰው ያለ መርፌ የሚነሳው ሲቲ ስካን ጠጠርን እምብዛም አይስትም። ተራ ራጅ ደግሞ ከዩሪክ አሲድ የተሠራውን ጠጠር ጭራሽ አያሳይም። የሚገርመው ይኸው ራጅ የማያሳየው ጠጠር ነው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ የሚችለው፤ የሽንቱን አሲድነት በመድኃኒት መቀነስ ነው መላው።

7ኛው በዚህ አልተደሰተም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ቢራ ጠጪዎች ጠጠር እንደሚቀንስላቸው አሳይተዋል፤ ነርሷ አታውቅም አለ። ሰውዬው ስለ ጥናቱ አልዋሸም። 8ኛው ግን ጥሩ አድርጎ መለሰለት። ዝናብ እንዳይገባ ጣራ መክደን አንድ ሥራ ነው፤ ቤት የገባን ጎርፍ መጥረግ ሌላ ሥራ ነው። ጥናቱ የሚያወራው ስለ ጣራው ነው።

9ኛው ላይ አነጋገሩ ተበላሸ። ነርሷን ለግል ሆስፒታሎች ደንበኛ የምታፈላልግ ደላላ አላት። 10ኛው ምላሽ የራሷ ነው። ወንድሜ ማለቱን ትታለች። አሁን የምኖረው ውጭ ነው፣ ከማንም አምስት ሳንቲም አላገኝም ብላ በሁለት መስመር ዘጋችው። ከዚያ የክሩ ሁሉ ቁም ነገር ነው የምለውን ጻፈች። ሕመም ጠፋ ማለት ጠጠር ወጣ ማለት አይደለም። የተዘጋ ኩላሊት ከጊዜ በኋላ መጮኹን ያቆማል። ድሮ በምትሠራበት ክፍል ሕመሜ ጠፋ ብሎ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው አይታለች፤ ኩላሊቱ ውሃ የሞላ ከረጢት ሆኖ ነው የወጣው። በዚያ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ቤት አይታደርም። የዚያኑ ቀን ሽንቱ መተንፈሻ ይሠራለታል፤ በውስጥ በሚገባ ቱቦ ወይ በጀርባ በኩል። ጠጠሩ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። እኔንም አንድ ክሊኒክ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጨጓራ ሽሮፕ አጠጥቶኛል።

11ኛዋ ሳቅ ይዛ መጣች። ጠጠሯ እንዲወርድ ታምሱሎሲን ታዞላት ባሏ ወረቀቱን ያነባል። ለፕሮስቴት ይላል። አንቺ ከመቼ ወዲህ ፕሮስቴት አወጣሽ ብሎ ሰፈር አዳረሰው። ነርሷ በአጭሩ አስረዳች። መድኃኒቱ የፕሮስቴት ጡንቻን እንደሚያላላ ሁሉ የታችኛውን የሽንት ቱቦ ጡንቻም ያላላል። ለከፋቹ የታዘዘውም ያው ነው።

12ኛው አንድ አዛውንት ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚያናግራቸው። እሳቸው የተቀደዱት በደርግ ጊዜ ነው። ከጎድን አጥንታቸው ሥር ተነስቶ እስከ እምብርታቸው አቅጣጫ የሚሄድ ጠባሳ አላቸው። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝተዋል። ሐኪሙ ጠጠሩን በብልቃጥ አድርጎ ሰጣቸው፤ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ያሳዩአቸዋል። ልጄ፣ ሳትቀደድ የሚሰበርበት ዘመን ላይ ደርሰህ ስለ ቢራ ትጠይቃለህ እንዴ ብለው ገሠጹት። ከፋቹም ይቅርታ ጋሼ አለ።

የሳቸው ጽሑፍ 13ኛውን አነሳሳው። ይህ ሰው ማወቁን ማሳየት ይወዳል፤ ግን የጻፈው ልክ ነው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሐኪሞች መሐላ ጠጠር ያለበትን ሰው አልቀድም፣ ለባለሙያው እተወዋለሁ የሚል ቃል አለበት። ያን ያህል የሚፈራ ሥራ ነበር። ጎን መቅደድ መቅረት የጀመረው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ ፈርንስትሮምና ዮሃንሰን የተባሉ ሐኪሞች በጀርባ በኩል ጠባብ ቀዳዳ አበጅተው ጠጠር አወጡ። ዛሬ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሆነ የኩላሊት ጠጠር የሚመረጠው መንገድ ይኸው ነው።

በ1980 ደግሞ ሙኒክ ላይ የመጀመሪያው ሰው ከውጭ በሚላክ የድምፅ ምት ጠጠሩ ተሰበረለት። መሣሪያውን የሠራው ዶርኒየር የተባለ የአውሮፕላን ኩባንያ ነው። ነገሩ የተጀመረው ከድምፅ በላይ የሚበር አውሮፕላን የዝናብ ጠብታ ሲመታው ብረቱ ምን እንደሚሆን ሲመራመሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚታከሙት። የዝናብ ጠብታና የኩላሊት ጠጠር እንዲህ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። 14ኛው ታዲያ ለኔ ለምን በዚህ አልሠሩልኝም አለ። የሱ 3 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነርሷ መለሰችለት፤ ምቱ ይሰባብረዋል እንጂ አያወጣውም። ስብርባሪው በዚያች ቀጭን ቱቦ መውረድ አለበት፤ 3 ሳንቲ ሜትር ተሰባብሮ ሲወርድ መንገዱን ይዘጋል። ለነፍሰ ጡርና ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰውም አይሆንም።

ከ15 እስከ 21 ክሩ ወደ ማእድ ቤት ገባ። 15ኛው ጤፍ ውስጥ ያለው አፈርና ድንጋይ ነው ኩላሊት ላይ የሚጠራቀመው ብሎ እናቱን ምስክር ጠራ። የተበላ ድንጋይ በአንጀት ገብቶ በአንጀት ይወጣል፤ ኩላሊት ጋ የሚያደርስ መንገድ የለውም። ጠጠሩ የሚሠራው ሽንት ውስጥ ከሟሟ ጨው ነው፤ አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ነው። 16ኛዋ ቲማቲም አቁሙ አለች። ለቲማቲም ጠበቃ የሆነለት ሰው ኦክሳሌት የሚበዛው ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ ላይ ነው አለ። የጾም ምግባችንን ቆጠርኩት። ቆስጣና የለውዝ ቅቤ፣ ከላዩ ሻይ። ጎመን ግን ነፃ ነው፤ ደስ አለኝ።

18ኛው ሪያድ የሚነዳ ሾፌር ነው። በ45 ዲግሪ ሙቀት ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው። መንገድ ላይ መሽኛ ስለማያገኝ ውሃ አይጠጣም። ሁለት ጊዜ ጠጠር ወጥቶለታል፣ ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው። የመለሰችለት ነርሷ ናት፤ የምትጠጣውን ሳይሆን የምትሸናውን ለካ አለችው። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል መሽናት አለብህ። ላብ ከበዛ የምትጠጣው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። 19ኛው ወተት አቁም ብሎ መከረው። ይህን 13ኛው ተመልሶ አረመው። ጣሊያን ውስጥ ጠጠር የሚመላለስባቸው 120 ወንዶች ለአምስት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ወተትና አይብ ካቆሙት ይልቅ፣ ወተቱን ሳይነኩ ጨውና ሥጋ የቀነሱት ናቸው የተሻሉት። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይዞት ስለሚወጣ ነው።

20 እና 21 በጸበል ተጣሉ። አንዱ ጸበል ጠጥቼ ወጣልኝ አለ፣ ሌላው ተሳለቀበት፣ አወያዩ የሁለቱንም ግማሽ ሰረዘው። ጸበሉን ያከበረውም የተሳለቀውም ብዙ ሊትር ውሃ መጠጣቱን ልብ አላሉትም።

22ኛው ምላሽ ከርዕሱ ስለወጣሁ ይቅርታ ብሎ ይጀምራል። የጻፈችው ዓረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት የሠራች ሴት ናት። እዚያ እያለች ጠጠር ያማታል። ማዳሟ ሆስፒታል ወሰደቻት፣ ሁለት ቀን ተኛች፣ አለቀ ተብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አገሯ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ጄሪካን ካነሳች ደም ይቀላቅላል። ስትሸና ወደ ወገቧ ይወጋታል። አምስት ጊዜ ኢንፌክሽን ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ውጣለች። ጠጠሩ ተመልሶ በቅሎ ይሆን ወይ ነው ጥያቄዋ።

ነርሷ 23ኛው ላይ የጻፈችው ከሁሉም አጭር ነው። እህቴ፣ ውስጥሽ ቱቦ ትተው ይሆን ወይ? ነገ ራጅ ተነሺ።

ቱቦው ስቴንት ይባላል፣ ሐኪሞቹ ዲጄ ይሉታል። 24ኛው ዲጄ ሰርግ ላይ እንጂ ኩላሊት ላይ ምን ይሠራል ብሎ ቀለደ። ስሙ የመጣው ሁለቱም ጫፉ እንደ እንግሊዝኛዋ ጄ ፊደል ስለሚቆለመም ነው። አንዱ ጫፍ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ተጠምዞ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ጠጠር ከተሰበረ በኋላ ሽንት የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አብጦ እንዳይዘጋ ስቴንቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀመጣል። እሱ እያለ ሽንት ቶሎ ቶሎ ቢመጣ፣ ደም ጠብ ቢል የተለመደ ነው። ማውጣቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማደንዘዣ ቅባት ይደረግና በሽንት መሽኛ በኩል በካሜራ ይሳባል። ከተረሳ ግን የሽንቱ ጨው ይለጠፍበታል። ጠጠር ሊያድን የገባው ቱቦ ራሱ ጠጠር ያፈራል።

25ኛው የሚያናድድ ሰው ነው። ሰው ሆኖ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም እንዴ አለ። ሴትዮዋ በቁጣ አልመለሰችም። ወረቀቱ በዓረብኛ ነበር፤ የያዘችውም ማዳም ናት አለች። ከ27 እስከ 29 ሰውዬውን ያልሰደበው የለም። እኔ ብሆንም እሰድበው ነበር መሰለኝ። ጋሼ ብቻ ለስለስ ብለው፣ እኔ የራሴን ጠጠር በብልቃጥ ስለሰጡኝ ነው የማውቀው፣ ሌላ ነገር ቢተዉብኝ በምን አውቅ ነበር አሉ።

ከዚያ ሰዎች ራሳቸውን መፈተሽ ጀመሩ። 30ኛው የታክሲ ሾፌር ነው። ቱቦ እንዳለበት ያውቃል፤ በስድስት ሳምንት ተመለስ ተብሎ ነበር። ብር አጠረው፣ ሕመሙም ተወው፣ ሰባት ወር ሆነው። ነርሷ ዛሬውኑ ካርድ አውጣ አለችው። 31ኛው ያው 25ኛው ሰውዬ ነው። ይቅርታ ጠየቀ። ታላቅ ወንድሙ ዓምና ጠጠር ተሰብሮለታል፤ ደውሎ ጠየቀው፣ ወንድምየው ወጣ አልወጣ አላስታውስም አለው። እንደ ደነገጠ ጽሑፉ ያሳብቃል።

32ኛው ሴትዮዋ ናት። ራጁን ፎቶ አንስታ፣ ስሟን በጣቷ ሸፍና ለጠፈችው። ቱቦው ጥርት ብሎ ይታያል። የላይኛው ቁልማሚ ዙሪያ ነጭ ነገር ተጋግሯል። የታችኛው ፊኛዋ ውስጥ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጠጠር ተሸክሟል። ከሥሩ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም። እስከዚያ ድረስ በየደቂቃው የሚመጣ ክር ነበር።

34ኛው ላይ ነርሷ ምን እንደሚጠብቃት ሳትደብቅ ነገረቻት። ማንም ጎትቶ ላውጣልሽ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ፤ ቱቦው ይበጠሳል፣ ወይ የሽንቱን ቧንቧ ይቀደዋል። መጀመሪያ ሽንትሽ ይመረመራል፣ ኢንፌክሽን ካለ ይታከማል። የኩላሊትሽ አቅም በደም ይለካል። ከዚያ ፊኛ ውስጥ ያለው ይሰበራል። የላይኛው ምናልባት በጀርባ በኩል ይደረስበታል። በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። 35ኛዋ የምታውቀው ሐኪም እንዳለ በውስጥ መስመር ጽፋላታለች። ስለ ዋጋ የተነሳው ክርክር ረጅም ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ብር ስለጻፈ አልፌዋለሁ።

37ኛው ከሁለት ወር በኋላ ነው የተጻፈው። ሁለት ጊዜ ገብታለች። መጀመሪያ የፊኛው ተሰበረ፣ በሦስት ሳምንቱ የላይኛው በጀርባ ወጣ፣ አሮጌው ቱቦ አብሮ መጣ። የዚያኛው ጎን ኩላሊት ከሌላው ደከም ያለ ነው፤ ግን ይሠራል። ለጥቂት ሳምንት አዲስ ቱቦ አስገብተውላታል። የሚወጣበት ቀን በአማርኛ ተጽፎ ተሰጥቷታል። ጄሪካን አታነሳም፤ ልጇ ነው የሚያነሳው። 38ኛው ባለ ታክሲው ነው፤ የሱም ወጥቷል፣ ጫፉ ብቻ ነበር የሻከረው።

39ኛው ላይ ከፋቹ ብቅ አለ። አራት ሳምንቱን መድኃኒቱን ወስዶ፣ ሽንቱን በማጥለያ እያጠለለ ጠብቋል። አልወጣም። ደግሞ ሲታይ ኩላሊቱ ይበልጥ አብጦ ተገኘ፤ ያለ ምንም ሕመም። ከወገቡ በታች ደንዝዞ በሌዘር ተሰበረለት፣ በማግስቱ ቤቱ ገባ። ዲጄው ውስጡ ነው። የሚወጣው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ቀኑን ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል፣ ለሚስቱና ለእናቱም ነግሯል። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶታል። የፋሲካ ዕለት ቢራ ይከለከል ይሆን?

ነርሷ አንድ ጠርሙስ ፈቀደችለት፤ ከላዩ ላይ ውሃ ጨምርበት ብላ።

41ኛው፣ የመጨረሻው፣ ባለ አጎቱ ነው። ከ3ኛው ምላሽ በኋላ ጠፍቶ ነበር። ስለ ቢራም ስለ አጎቱም ምንም አላነሳም። ሐሙስ ሥራ የለኝም፣ መኪና አለኝ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ልውሰድህ ብሎ ጠየቀ።